ጠፍሩን ማን ሰቀለው?

ባለፈው ወር ወደ አሰላ ስሄድ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አዋሽ ድልድይ አጠገብ ሲደርስ ከኋላ በኩል ይንኳኳ ጀመር። ሹፌሩ አቁሞ ወረደ፤ እኛም ተከትለን ወረድን። የአንዱ ጎማ ብሎኖች ላልተው ሊወልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ተሳፋሪው ግማሹ እያማተበ፣ ግማሹ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ጎማውን ከበበው። ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ማነው ያጠበቀው?» አሉ።

«ላልቶ ነው አባባ» አለ ሹፌሩ ቀና ሳይል።

«መላላቱንማ አየሁት። ያጠበቀው ማነው ነው የምልህ።»

«ኧረ መንገዱ ነው ያላላው!»

ሳቄ መጣ። አጠገቤ የቆመች ልጅ፣ «እማማ፣ ልናልቅ ነበር እኮ፤ ምኑ ነው የሚያስቅዎት?» አለችኝ። ልመልስላት ዘወር ስል ከድልድዩ በታች ወንዙን አየሁት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ውሃው አልጠራም፤ ቅርንጫፍና ሣር ተሸክሞ፣ ጭቃ መስሎ ይወርዳል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ልጅቱንም ረሳኋት። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን፣ ከዚያ ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አንድ መልካ ነበረን። «ነበረን» የምለው የኔም ስለነበረ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ምንጃር ከተዳርኩበት ቤት የባሌ ዱላ ሲበዛብኝ፣ ጤፍ ጭነው ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወርዱ ነጋዴዎችን ተከትዬ አዳማ ገባሁ። አዳማ በዚያን ጊዜ ከተማ ልሁን ወይስ መንደር ልቅር እያለች የምታመነታ ቦታ ነበረች። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና የዓረብ ሱቆች አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሣር ጎጆና ግራር ነው። ነፋሷ ግን ያው የዛሬው ነፋስ ነበር። ጠዋት የተጠረገ ደጅ ከሰዓት አቧራ ለብሶ ይገኛል፤ የወጥ ድስት ክዳን ከተነሳ አሸዋ መብላት ነው። ባቡሩ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ሊያየው ይወጣል። እኔም ወጥቼ አይቻለሁ። ግን እዚያ ብዙ አልቆየሁም። ያስጠጉኝ ባልቴት፣ «ልጄ፣ እጅሽ ወጥ ያውቃል? አዋሽ መልካ ላይ ታንኳ የሚስቡ ሰዎች የሚያበላቸው አጥተዋል» አሉኝ። ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ሄጄ እዚያው ቀረሁ።

የመልካው አለቃ ኦቦ ሁንዴ ይባሉ ነበር። አገሬው «አባ መልካ» ይላቸዋል፤ የመሻገሪያው አባት እንደ ማለት ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ውሃው ይወርዱና በኦሮምኛ ያመሰግናሉ። አማርኛቸው ጥቂት ነበር፤ ያችው ጥቂቷ ግን ትበቃቸዋለች። ወንዙን በበጋ በእግር ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ግን ከአርሲ ቡናና ቅቤ፣ ገብስና ማር ጭኖ ወደ ባቡሩ የሚሄደው ነጋዴ ማዶ ታግቶ ይቀር ነበር። ኦቦ ሁንዴ ይህን አይተው ቀላል ግንዶች ጎን ለጎን አስጠፈሩ፣ ከሥሩ አየር የተነፋ የፍየል አቁማዳ አሳሰሩ፣ ታንኳ ሆነ። ታንኳ ለብቻ አይሳብምና ሰው ሰበሰቡ፤ ማኅበር ሆነ።

ማኅበርተኛውን ሁሉ አልጠራም። የኦቦ ሁንዴ የመጨረሻ ልጅ ለሚ ነበር፤ ሳቂታ፣ ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ የሚገለባበጥ ጎረምሳ። ደምሴ ከቡልጋ የመጣ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ቁጥብ፣ ሲበላ እንኳ ድምፅ የለውም። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ቤቱን ማዶ ሠርቶ እዚያ ያድራል፤ ግጥም ሳይገጥም ጉርሻ አይውጥም። ገበየሁ ደግሞ ምላሱ የተባ ነበር። ከነጋዴ ጋር የሚደራደረው፣ ሹም ሲመጣ የሚያነጋግረው እሱ ነው። እኔ አበላቸዋለሁ፤ ከሚገኘውም ከወንዶቹ እኩል ይደርሰኛል። አንድ ጊዜ ገበየሁ፣ «ወጥ ሠሪ ደግሞ በማኅበር ጉዳይ ምን አገባት?» ቢል፣ ኦቦ ሁንዴ፣ «የበላ አፍ ከተናገረ፣ ያበላች ለምን ዝም ትላለች?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ እቀመጣለሁ። መቀመጥ ብቻም አይደለም፤ እጠይቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው የሚያስቸግር የመጠየቅ አመል አለብኝ። ሰይድ «አስካለ ለምን» ይለኝ ነበር፤ ለምን የአባቴ ስም ይመስል።

ታንኳው ያለ ጠፍር ምንም አይደለም። የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ፣ ተገምዶ፣ ሞራ እየጠጣ የሚሠራ ወፍራም ገመድ ነው። ጠዋት ገበየሁ ከወዲህ ማዶ ይለቀዋል፤ ሰይድ ከወዲያ ሆኖ፣ ወንዙ ላይ በምታድር ቀጭን የቃጫ ገመድ እየሳበ ይቀበለዋል። ሲቀበለው ጠፍሩ በሙሉ በመዳፉ ውስጥ ያልፋልና፣ የሳሳ ቦታ ካለ በእጁ መዳሰስ የሱ ሥራ ነው። ከዚያ ከግንድ ጋር ያስረዋል። ታንኳው ላይ ያሉት ያንን የተወጠረ ጠፍር እየሳቡ ይሻገራሉ። ማታ ደግሞ ወደኛ ይሳብና፣ ተጠቅልሎ ከትልቁ ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። መሬት ላይ ካደረ ጅብ ያገኘዋል፤ ጅብ ደግሞ ሞራ የጠጣ ቆዳ ከምን ይጠላል? የሚሰቅለው ማን ነው ቢባል፣ ደንባችን «መጨረሻ የቀረ ይስቀል» የሚል ነበር። መጨረሻ የቀረው ማን እንደሆነ ግን ደንቡ አይናገርም። ያኔ ይህን ያሰበበት ሰው አልነበረም፤ ጠያቂ ነኝ የምለውም እኔ አላሰብኩበትም።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ የተቃረበበት ሰሞን ነው። ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ዝናብ ወንዙን አስቆጥቶታል። ለጾመኞቹ ሽሮና የተልባ ፍትፍት፣ ለሰይድ ወተትና በቅቤ የታሸ የገብስ ጬኮ እያቀረብኩ፣ መሃሉን በበቆሎ እሸት እሞላዋለሁ። አንድ ጠዋት አንድ የቡና ነጋዴ ከሚስቱ ጋር ታንኳው ላይ ወጣ። በቅሎዎቹ ከኋላ ታስረው ይዋኛሉ። ለሚና ደምሴ ይስባሉ። እኔ ጎጆዬ ደጅ ሽምብራ እቆላ ነበር። መሃል ወንዝ እንደደረሱ አለንጋ የጮኸ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ጠፍሩ የለም። ታንኳው እንደ እንዝርት ዞረና ቁልቁል ሄደ።

ከመልካው በታች ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር። ታንኳው እዚያ ከተላተመ እንደሚበታተን ሁላችንም እናውቃለን። ለሚ ዘሎ ገባ። በጀርባው ድንጋዩን ተደግፎ ታንኳውን በእግሩ ገፋው፤ ታንኳው ዞሮ አለፈ፣ ደንገሉ ውስጥም ገብቶ ቆመ። ነጋዴውና ሚስቱ ተረፉ። ደምሴ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጣ። አንዲት በቅሎ ግን ውሃው ወሰዳት። የለሚ እግርም በግንዱና በድንጋዩ መሃል ነበር። ለሚ አልጮኸም። የጮኹት አባቱ ናቸው፤ ያ ዝምተኛ ሰው እንዲያ ሲጮኹ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወጌሻ ተጠርቶ እግሩን አቃንቶ በእንጨት አሰረው። «ይራመድበታል፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም» አለ።

ጠፍሩ ከውሃ ሲወጣ የተበጠሰበት ቦታ ታየ። ግማሹ በጥርስ ተበልቷል። የተበላው ላይ ጭቃ ተለጥፎበት ነበርና ጠዋት ዓይን አላየውም። ገበየሁ ከፍ አድርጎ አሳየን።

«ጅብ!» አለ። «ይኸው ጥርሱ! ያ ርጉም ጅብ ነው የበላው!»

በዚያ ቃል ሰው ሁሉ እንዴት እንደቀለለው አልረሳውም። ትከሻዎች ወረዱ፤ እስትንፋስ ወጣ። «ጅብ ነዋ!» «ጅብ ነው እንጂ!» መባባል ሆነ። ሲመሽ መልካው ሁሉ ጅቡን ይረግም ነበር። እኔም ረገምኩ። ግን ልብሴ ውስጥ እንደገባ ገለባ አንድ ነገር ይወጋጋኝ ጀመር። ጠፍሩ ዋርካው ላይ አልነበረም እንዴ?

ጠዋት ጠፍሩን የለቀቀው ገበየሁ ስለሆነ እሱን ጠየቅኩት።

«ከቅርንጫፉ አወረድኩትና ለቀቅኩታ!» አለኝ። «ጅቡ በሁለት እግሩ ቆሞ ነው የበላው። የራበው ጅብ ምን የማያደርገው አለ?»

ወደ ዋርካው ሄድኩ። ከቅርንጫፉ ሥር ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ ዘለልኩም። አልደረስኩም። ወንዶቹ ራሳቸው ሲሰቅሉ ድንጋይ ላይ ይወጡ ነበር። ጅብን በሁለት እግሩ አቁሜ በሐሳቤ ለካሁት፤ እየሳቅኩ ተመለስኩ። ሳቁ ግን አልቆየም። ገበየሁ የማይሆን ነገር ለምን ይናገራል?

በሚቀጥሉት ቀናት እያበላሁ መጠየቅ ያዝኩ። ነገሬ ሰው ለመያዝ አልነበረም፤ እውነቱን ለማወቅ ነው። «ያን ማታ ጠፍሩን ማን ሰቀለው?» እላለሁ። አንዱ «ተሰቅሎ ይሆናላ» ይለኛል። ሌላው «ዝናብ ነበር፤ ሳይሰቀል አድሮ ይሆናል» ይላል። ሰይድ ማዶ ስለሚያድር ስለ ማታው እንደማያውቅ ነገረኝ። «ጠዋትስ ስትቀበለው ምን ይመስል ነበር?» ስለው፣ «ጠፍር ነዋ የሚመስለው!» ብሎ ጬኮውን ጎረሰ፤ ግጥም ግን አልገጠመም። ደምሴን ስጠይቀው ሳህኑን አስቀምጦ ተነሳና ሄደ። ቋንቋችን ለዚህ እንዴት እንደሚመች ያወቅኩት ያን ሳምንት ነው። ተረሳ፣ ቀረ፣ አደረ፣ ተበላ። ይህ ሁሉ ሲሆን ያደረገው ሰው የለም። ነገሮች በራሳቸው ይሆናሉ፤ ሰዎች ቆመው ያያሉ።

ማኅበሩ ግን እየፈረሰ ነበር። አዲስ ጠፍር ተገምዶ ታንኳው መሻገር ቢጀምርም፣ የሚሳፈረው ጥቂት ሆነ። ነጋዴው ማዶ ቆሞ ጠፍሩን አይቶ፣ አንገቱን ነቅንቆ፣ ወደ ላይ ሌላ መሻገሪያ ፍለጋ ይሄዳል። እርስ በርሳቸውም መተያየት አቆሙ። ታንኳ የሚስብ ሰው ከኋላው የቆመውን ማመን አለበት፤ እነሱ ግን በየመሃሉ ዞር እያሉ ያያሉ። ሲበሉም እንደ ድሮው ከአንድ ገበታ መቅረብ ቀረ፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ጥጉን ይፈልጋል። ጅብ ነው ካልን፣ እርስ በርስ ምን ያስፈራናል? ይህም አስገረመኝ።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ገበየሁ ጅቡን እናድን የሚል ሐሳብ አመጣ። ለሚም ከተኛበት፣ «ያን ጅብ ሳትገድሉ እንዳትመለሱ!» አላቸው። ጠዋት ወንዶቹ ጦር ጦራቸውን ይዘው ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ዝናቡ አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ መሬቱ ይጨሳል። ልክ ሊነሱ ሲሉ ከልጃቸው አጠገብ ሳይለዩ የሰነበቱት ኦቦ ሁንዴ መጡ።

«የት ትሄዳላችሁ?» አሉ።

«ጅቡን ልንገድል ነው፤ ለለሚ ደም!» አለ ገበየሁ።

ኦቦ ሁንዴ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ወንዶቹም ጦራቸውን እንደያዙ ተቀመጡ።

«ጅቡ የማኅበራችን አባል ነው?» አሉ።

ሰይድ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው። የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ኧረ አይደለም፣ አባ መልካ» አለ ገበየሁ።

«ጠፍሩን ስቀል ብለነው ነበር?»

«ጅቡን? ኧረ…»

«እንግዲያው ጅቡ ሥራውን ሠራ። ቆዳ አገኘ፤ በላ። ሥራውን ያልሠራ ማነው?»

እኔ የሁሉንም ፊት በየተራ አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ማንም ይናገራል ብዬ አልጠበቅኩም። ያየ የለም፤ ምስክር የለም፤ ዝም ቢባል ነገሩ ከጅቡ ጋር ጫካ ይገባ ነበር። ደምሴ ጦሩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ድምፁ ስለማይሰማ ኦቦ ሁንዴ፣ «ማል ጄቴ? ምን አልክ?» አሉት።

«መጨረሻ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጠፍሩን ጠቅልዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ዝናቡ መጣ። ከአስካለ ጎጆ የበቆሎ ጥብስ ሸተተኝ። በልቼ ተመልሼ እሰቅለዋለሁ ብዬ ሄድኩ። አልተመለስኩም።»

«ምን ማለትህ ነው አንተ! እኔ ራሴ ከቅርንጫፉ አውርጄ…» ብሎ ገበየሁ ጀመረና መሃል ላይ ቆመ። ያን ጠዋት ጠፍሩን ከመሬት አንስቶ ነበር የለቀቀው። ሁላችንም አየነው። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

ኦቦ ሁንዴ ተነሱ። ወደ ወንዙ ወርደው ፊታቸውን ታጠቡ። የልጃቸውን እግር ያሰበረባቸውን ሰው አሁን ምን ያደርጉት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሲመለሱ ግን፣

«እግሩ የኔ አይደለም» አሉ። «የለሚ ነው። ሂድና ለለሚ ንገረው።»

ሁላችንም ተከትለን ሄድን። ደምሴ ከመደቡ አጠገብ ቆሞ ያንኑ ቃል ደገመው፤ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ለሚ የጎጆውን ጣራ እያየ ሰማ።

«ለበቆሎ?» አለ በመጨረሻ።

«ለበቆሎ።»

«እሺ፣ በቆሎው ጥሩ ነበር?»

ደምሴ እዚያው ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለሚም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የሚያለቅስ ይሁን የሚስቅ ከጀርባው መለየት አልቻልኩም። ቆይቶ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ዛሬ ማታ ጠፍሩን ማን ይሰቅላል?» አለ።

«እኔ» አለ ደምሴ።

«ከሰቀልክ በኋላ ስምህን ጥራ። እዚህ ሆኜ ልስማው። ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ያን ዕለት ፀሐይ ልትገባ ስትል ደምሴ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ጠፍሩን ሰቀለ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ጠፍሩን እኔ ደምሴ ሰቅያለሁ!» ብሎ ጮኸ። ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው! ወንዙ ድምፁን ማዶ አደረሰው። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ያልጠበቅነው መልስ መጣ። ሰይድ ነው።

«እኔም ሰይድ! ያን ጠዋት ጭቃውን አይቻለሁ! ሳልዳስስ አስሬዋለሁ!»

ወዲህ ማዶ ያለነው ተያየን። ኦቦ ሁንዴ ከልጃቸው ጎጆ ብቅ አሉና፣ ባላቸው ኃይል፣ «ሰምተናል!» ብለው መለሱለት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰይድ ጠፍሩን ሲቀበል ዓይኑን ጨፍኖ ይዳስስ ነበር፤ እንደ ዓይነ ስውር። ጨርሶም «እኔ ሰይድ ዳስሻለሁ!» ይላል፤ አንዳንዴም ግጥም ይጨምርበታል። ማታም የሰቀለው ሁሉ ስሙን መጥራት ልማድ ሆነ። «መጨረሻ የቀረ ይስቀል» የሚለው ደንብ ሳይሻር ተረሳ። የሚሰቅለው ጠዋት ይታወቃል፤ ማታ ስሙ ይሰማል። እኔም በበኩሌ፣ «እሳቱን እኔ አስካለ አጥፍቻለሁ!» ማለት ጀመርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ደምሴ ለሚ እስኪነሳ ድረስ የሁለት ሰው ሥራ ሠራ። በቅሎዋን ያጣው ነጋዴ ሲመለስም ማንም ሳይቀድመው ወጥቶ ነገረው። ነጋዴው መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ አየው። «እኔ በስንት መልካ ተሻግሬያለሁ» አለ። «ዕቃ ይጠፋል፣ ከብት ይሰምጣል፤ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ወንዙ ነበር። ሰው ሲሆን ያየሁት ዛሬ ነው።» ያን ክረምት በነፃ አሻገርነው። እሱ ደግሞ ያየውን በየገበያው አወራው። መስከረም ሳያልቅ ወደ ላይ ይሄድ የነበረው ነጋዴ መመለስ ጀመረ። አመሻሽ ላይ ደርሰው ማዶ የሚያድሩ መንገደኞች ያን ጩኸት ለመስማት ከድንኳናቸው እንደሚወጡ ሰይድ ይነግረን ነበር። «ስም ሲሰሙ ይተኛሉ» ይላል። በተከታዩ ክረምት ሁለተኛ ታንኳ ሠራን። ማኅበሩም ጣሊያን እስኪገባ ድረስ ቆየ።

ገበየሁ ግን ከኛ ጋር አልቆየም። የነቀፈው ሰው አልነበረም፤ ግን ማታ ማታ ስም ሲጠራ ፊቱ ይጨልማል። አንድ ቀን ጓዙን ይዞ አዳማ ገባ። ተጎዳ ብል ታሪኩ ያምር ነበር፤ አልተጎዳም። ከባቡሩ ዕቃ እየተቀበለ ነገደ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ተከብሮ ኖረ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ሁሉ ነገር ያወራኛል፤ መልካውን ግን አያነሳም። እኔም፣ በሕይወቴ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ሳልጠይቅ ተውኩት።

ለሚን አገባሁት። እያነከሰ ሽማግሌ ላከብኝ። ስንጋባ ክርስትና ተነሳ፤ የክርስትና አባት ማን ይሁንህ ቢሉት ደምሴን ጠራ። እስኪሞት ድረስ በሰው ፊት «እግሬን የሰበረው አባቴ» እያለ ያስቅበት ነበር፤ ደምሴም ይስቃል፣ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ነው።

ደምሴን ግን ጠይቄዋለሁ። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሁለታችንም ፀጉራችን ከሸበተ በኋላ፣ ቤታችን መጥቶ ምሳ በልተን ደጅ ተቀምጠን ነው።

«ማንም አላየህም ነበር። ለምን ተናገርክ?»

እግዚአብሔርን ፈርቼ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ወይም የለሚ እግር አሳዝኖኝ።

«ጦሩ ነው» አለኝ። «እጄ ላይ ከበደኝ። ሄደን ጅቡን ብንገድለው ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ሬሳው ይመጣል፣ ለሚ ያየዋል፣ ይረካል። ከዚያ በኋላ ብናገር ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴ፣ ከጊዜ ብዛት፣ በእውነት ጅቡ ነው ብዬ አምን ነበር። ያ አስፈራኝ፣ አስካለ። ከገደልነው በኋላ የምሆነው ሰው አስፈራኝ።»

ይህን ብሎ ውሃ ለመነኝ፤ አመጣሁለት።

እነሱ ሁሉም አልፈዋል። እኔ ከዚያ ወዲህ በብዙ ማኅበር ተቀምጫለሁ፤ በዕድር፣ በጽዋ፣ በወፍጮ ቤት ሽርክና። ደንባቸው በማኅተም የጸና ነበሩ፤ በቃል ብቻ የቆሙም ነበሩ። የፈረሱትንና የጸኑትን ሳስብ፣ ልዩነቱ ሀብት ወይም ብልኃት ሆኖ አላገኘሁትም። ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ አፉን የሚከፍት አንድ ሰው ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም፤ እዚያ ላይ ነው የሚለየው። አንዱ ከተናገረ ሌላው ይከተላል፤ አንዱ ካልተናገረ ግን ሰው ሁሉ ወደ ጅብ አደን ይወጣል።

ስለዚህ አዲስ ስብሰባ በገባሁ ቁጥር ፊቶችን የማየት ልማድ አለኝ። የቱ ይሆን እላለሁ። አንድም ጊዜ አስቀድሜ አውቄ አላውቅም። ይሄ ነው ያልኩት ሲሸሽ አይቻለሁ፤ ከኋላ ተቀምጦ ያንቀላፋ የመሰለኝ ብድግ ሲል ደንግጫለሁ። ደምሴም ያን ጠዋት፣ ጦሩን እስኪያስቀምጥ ድረስ፣ ማንንም ይመስል ነበር። ለዚህ ሁሉ ጥያቄዬ መልስ ያላገኘሁለት አንድ ቀርቶኛል፦ ያን ማታ ጠፍሩን ትታ የሄደችው እኔ ብሆን ኖሮ፣ ዋርካው ሥር ምን እል ነበር? ይህን ልጠይቃት የምችለው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም እስከ ዛሬ እያሰበችበት ነው።